መኪናው የት ያድራል? በተዳፋት ቦታ ላይ ጋራዥ ስለ ማቀድ

ካምፓላ በሰባት ኮረብቶች ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት ይባላል። መንጎ፣ ሩባጋ፣ ናሚሬምቤ፣ አሮጌው ካምፓላ፣ ኪቡሊ፣ ናካሴሮና ኮሎሎ ናቸው። ዛሬ ከተማዋ ከሰባቱ አልፋ ብዙ ኮረብታ ወጥታለች። ከካባላጋላ ወደ ሙዬንጋ የሚያወጣውን መንገድ በእግሩ የሄደ ተማሪ ይህን ከእኛ በላይ ያውቀዋል። የማኅበረሰባችን ቤተሰቦች ብዙዎቹ በዚሁ አካባቢ ስለሚኖሩ አንድ ነገር ደጋግመው ያያሉ፤ ግቢው ውስጥ ጋራዥ እያለ መንገድ ዳር የሚያድር መኪና። ጋራዡ ተሠርቷል፣ በሩም ተገጥሟል። መኪናው ግን ወይ ሆዱ እየተፋቀ አይገባም፣ ወይ ከገባ በዝናብ ቀን አይወጣም። ጋራዡም የከሰል ጆንያና የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ሆኖ ይቀራል።

የ9ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ዘንድሮ ስለ ተዳፋትነት ሲማሩ ይህንኑ ጉዳይ እንደ መልመጃ ሰጥተናቸው ነበር። መልመጃው ወደ ቤት ሄዶ ከወላጆች ብዙ ጥያቄ ይዞ ስለ ተመለሰ፣ ትምህርቱን ሰፋ አድርገን ለዓመታዊ መጽሔታችን አዘጋጅተነዋል። እዚህ ቦታ በሊዝ ይዘው ለመሥራት ለሚያስቡም፣ አዲስ አበባ እንጦጦ ግርጌ ወይም ደሴ ዳገት ላይ ለሚያሠሩም ስሌቱ አንድ ነው። ጋራዥ ስንል የመኪና ማሳደሪያውን ማለታችን ነው፤ አማርኛችን የጥገናውንም ቤት በዚሁ ስም ስለሚጠራ ግር እንዳይል ብለን ነው።

ሜዳ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ቤቱን ነድፎ ጋራዡን በተረፈው ጥግ ያስገባል። ተዳፋት ላይ ይህ ቅደም ተከተል ይገለበጣል። መጀመሪያ የሚነደፈው የመኪናው መግቢያና ማደሪያ ነው፤ ቤቱ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። ሰው ደረጃ ይወጣል፣ ቤትም እንደ እርከን ከፍ ዝቅ ብሎ ሊሠራ ይችላል፤ መኪና ግን ደረጃ አይወጣም። ለእሱ የሚሆን መንገድ ካልተገኘ ወይ ኮረብታው ይቆረጣል፣ ወይ ባዶው ይሞላል። በተዳፋት ቦታ ላይ ገንዘብ የሚበላው፣ አንዳንዴም ሕይወት የሚያጠፋው፣ ይህ መቁረጥና መሙላት ነው።

ቁልቁለቱን መለካት

በካምፓላ የተለመደው የመኖሪያ ቦታ ስፋት 50 በ100 ጫማ ነው፤ ወደ 15 በ30 ሜትር ይጠጋል። ለምሳሌያችን ይህንኑ ወስደናል። ጠባቡ ጎን መንገዱን ይዟል፣ ረጅሙ ጎን ወደ ቁልቁለቱ ይሄዳል።

ቁልቁለቱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ውሃ፣ ጥቂት ችካል፣ ሲባጎና ሜትር ይበቃሉ። ቱቦው አየር ሳይቀርበት ውሃ ይሞላል። አንዱ ተማሪ አንዱን ጫፍ ላይኛው ችካል አጠገብ፣ ሌላው ሌላውን ጫፍ ታችኛው ችካል አጠገብ ይይዛል። ጫፎቹ ክፍት እስከ ሆኑ ድረስ ውሃው በሁለቱም በኩል እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። ከውሃው መስመር እስከ መሬት ያለው ርዝመት በሁለቱም በኩል ይለካል፤ የሁለቱ ልዩነት የመሬቱ የከፍታ ልዩነት ነው። ቁልቁለቱ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ከሆነ በየ5 ሜትሩ እየተከፋፈለ ይለካና ይደመራል። ግንበኞቻችንም ሆኑ የዚህ አገር ፉንዲዎች ይህን ዘዴ ከማንም መምህር በላይ ያውቁታል።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። አግድም ርቀቱ የሚለካው ሲባጎው በውሃ ልክ ተወጥሮ ነው እንጂ ሜትሩን መሬት ላይ በማንጠፍ አይደለም። ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ ነጥብ የጣሉት እዚህ ላይ ነበር።

የምሳሌያችን ቦታ ከመንገዱ እስከ ጀርባ አጥሩ 6 ሜትር ይወርዳል እንበል። 6 ለ30 ሲካፈል 0.2 ነው፤ 20 በመቶ ማለት ነው። በየ1 ሜትሩ 20 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። በዲግሪ ሲሆን ከ11 ጥቂት ይበልጣል። 20 በመቶና 20 ዲግሪ አንድ አይደሉም፤ 20 ዲግሪ ከ36 በመቶ በላይ ነው። ደላላ «ዳገቱ ትንሽ ነው፣ 20 ቢሆን ነው» ሲል የትኛውን 20 እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ከመንገዱ በታች ያለ ቦታ

መኪና ምን ያህል ቁልቁለት ይችላል? ለቤት መግቢያ እስከ 12 በመቶ ያለው ምቹ ነው። 15 በመቶም ያስኬዳል። 20 በመቶ ላይ ሹፌሩ መልመድ አለበት። 25 በመቶ፣ ማለትም በ4 ሜትር 1 ሜትር፣ የመጨረሻው ጠርዝ ነው፤ በደረቅ ኮንክሪት ላይ እንኳ የሚያስፈራ ሲሆን በእርጥብ ሙራም ላይ ጨርሶ አይሞከርም።

ነገር ግን ቁልቁለቱ ብቻውን ጉዳዩን አይወስንም። ጣጣ የሚያመጡት ሁለት ቦታዎች ናቸው፤ ሜዳው ወደ ቁልቁለት የሚታጠፍበት አናትና ቁልቁለቱ ወደ ሜዳ የሚመለስበት ግርጌ። አናቱ ላይ የመኪናው ሆድ ይፋቃል፣ ግርጌው ላይ አፍንጫው ወይም ጭራው ይመታል። በከተማችን በብዛት የምትታየውን ቶዮታ ፕሪሚዮ እንውሰድ። በፊትና በኋላ ጎማዎቿ መካከል 2.7 ሜትር አላት። የፊት ጎማዋ ቁልቁለቱን ጀምሮ የኋላው ገና ሜዳው ላይ ሳለ፣ የመንገዱ አናት ከሆዷ ሥር ይመጣል። አናቱ ከጎማዎቹ መስመር በላይ ምን ያህል እንደሚነሣ ለማወቅ ቁልቁለቱን በ2.7 አባዝቶ ለ4 ማካፈል ነው። ለ20 በመቶ ስንሠራው 13.5 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። የአብዛኞቹ የቤት መኪናዎች ሆድ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስለዚህ ባዶዋን ለጥቂት ታልፋለች፤ አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጆችና አንድ ጆንያ ጤፍ ሲጫንባት ግን ዝቅ ስለምትል ትፋቃለች። ለ25 በመቶ ስንሠራው ወደ 17 ሳንቲ ሜትር ይመጣል፤ ባዶዋንም አታልፍም።

መፍትሔው መታጠፊያውን ለሁለት መክፈል ነው። በአናቱም በግርጌውም የዋናውን ቁልቁለት ግማሽ የያዘ፣ 3 ሜትር ያህል የሚረዝም መሸጋገሪያ ይሠራል። ዋናው 15 በመቶ ከሆነ መሸጋገሪያው 7.5 በመቶ ይሆናል፤ ሆዷ ሥር የሚነሣውም 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል።

አሁን ይህን ሁሉ በቦታችን ላይ እናስቀምጠው። ባለቤቱ ግቢው ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከመንገዱ 12 ሜትር ርቀት ላይ የጋራዥ በር ፈለገ። መኪናው ወደ መንገድ ከመውጣቱ በፊት ቆሞ ግራ ቀኝ የሚያይበት 3 ሜትር ሜዳ ያስፈልጋል። ቀጥሎ 3 ሜትር በ7.5 በመቶ፣ 3 ሜትር በ15 በመቶ፣ 3 ሜትር እንደገና በ7.5 በመቶ። 22.5፣ 45 እና 22.5 ሳንቲ ሜትር ሲደመሩ 90 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ። መኪናው በዚያ ርቀት ውስጥ በደህና መውረድ የሚችለው ይህን ብቻ ነው። መሬቱ ግን በ12 ሜትር ውስጥ 2.40 ሜትር ወርዷል። ስለዚህ የጋራዡ ደጅ ከመሬት 1.50 ሜትር በላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ጋራዡ ራሱ 6 ሜትር ወደ ውስጥ ስለሚገባ በጀርባው በኩል ከመሬት ያለው ከፍታ 2.70 ሜትር ይደርሳል። ከሥሩ አንድ ሙሉ ክፍል የሚያህል ባዶ አለ። ይህ ቁጥር በወረቀት ላይ ሲወጣ ተማሪዎቻችን ዝም አሉ፤ ብዙ ቤት ሠሪ ይህን የሚያውቀው ግን ሲሚንቶው ከተገዛ በኋላ ነው።

ጋራዡን ወደ መንገዱ ብናቀርበውስ? ደጁ ከመንገዱ 5 ሜትር ይሁን፤ በር እስኪከፈት መኪናው ግቢው ውስጥ ሊቆም ይችላል። መግቢያው በ4 በመቶ ብቻ 20 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ያን ጊዜ ደጁ ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር፣ ጀርባው 2 ሜትር ከፍ ይላል። ኮንክሪት የሚለብሰው መግቢያ ከግማሽ በታች ሆነ፣ ከሥር ያለው ባዶም ቀነሰ፤ ቤቱም ከታች እንደ ልቡ በእርከን ይቀመጣል። ጋራዡ ከመንገድ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት የሚፈቅደው የከተማው አስተዳደር ስለሆነ ይህ መጀመሪያ መጠየቅ አለበት። በሚቻልበት ቦታ ሁሉ ግን ምክራችን ጋራዡ መንገዱን እንዲጠጋ ነው። ግቢ ውስጥ ገባ ያለ ጋራዥ ለዓይን ያምር ይሆናል፤ በቁልቁለት ላይ ግን የዚያ ውበት ዋጋ በሜትር ኪዩብ ይቆጠራል።

ከሥሩ ያለውን ባዶ በአፈር መሙላት ርካሽ ይመስላል። የተሞላ አፈር ግን ይሰምጣል፤ በየ15 እና 20 ሳንቲ ሜትሩ እየተደለደለ፣ እየረጠበና እየተጠቀጠቀ ካልተሠራ በሁለተኛው ዝናብ ወለሉ ይሰነጠቃል። ሙሌቱን የሚይዝ ግንብም ያስፈልገዋል። ሌላው መንገድ ጋራዡን በኮለንና በሶሌታ ላይ ማንሣት ነው። ኮለኖቹ ሙሌቱን አልፈው ያልተነካው መሬት ላይ መቆም አለባቸው። የመኪና ክብደት በአራት መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ የሚያርፍ ስለሆነ ለመኝታ ቤት የታሰበ ሶሌታ ለመኪና አይሆንም፤ ፌሮውን መሐንዲስ ያስላው። ከሥር የሚተርፈው ክፍል የውሃ ታንከር ቢቀመጥበት ጥሩ ጥቅም ይሰጣል።

ከመንገዱ በላይ ያለ ቦታ

ያው ቦታ ወደ ላይ የሚወጣ ቢሆን ነገሩ ይቀየራል። የጋራዡ ወለል ከመንገዱ እኩል ሊሆን ይችላል፤ መኪናው ዳገት አይወጣም፤ ቤቱም ከጋራዡ ጣሪያ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ኮረብታውን መቁረጥ ነው። ደጁ ከመንገዱ 5 ሜትር፣ ጥልቀቱ 6 ሜትር ከሆነ ጀርባው ከመንገዱ 11 ሜትር ይርቃል፤ እዚያ መሬቱ ከወለሉ በ2.20 ሜትር ይበልጣል። ያን ያህል ከፍታ ያለው ደጋፊ ግንብ ያስፈልጋል።

አፈር ግንብን እንዴት እንደሚገፋ ማወቅ ይህን ትምህርት ያነሣንበት ዋና ምክንያት ነው። ግፊቱ ከላይ ትንሽ ሆኖ ወደ ታች እየበረታ ይሄዳል። ድምሩ ታዲያ ከቁመቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ቁመቱ በራሱ ተባዝቶ ያድጋል። ለደረቅ፣ መካከለኛ ለሆነ አፈር፣ 1 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመቱ ወደ 300 ኪሎ ይገፋል። 2 ሜትር ሲሆን 600 ሳይሆን 1,200 ኪሎ ነው። 3 ሜትር ሲሆን 2,700 ኪሎ ነው። ግንቡን ሊገለብጠው የሚሞክረው ኃይል ደግሞ ከዚያም በፍጥነት ያድጋል፤ ቁመቱ እጥፍ ሲሆን እሱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። «የጎረቤቴን 1 ሜትር ግንብ የሠራው ፉንዲ የእኔንም 2 ሜትር ይሠራዋል» የሚለው ሐሳብ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። የእኛ 2.20 ሜትር ግንብ በየሜትሩ 1,450 ኪሎ ገደማ ይገፋል፤ ከነተሳፋሪዋ አንዲት ፕሪሚዮ የምትመዝነውን ያህል ማለት ነው።

ይህ አፈሩ ደረቅ ሲሆን ነው። ከግንቡ ጀርባ ውሃ ከታቆረ ውሃው ራሱ ይገፋል፤ ድምሩ ወደ 3,100 ኪሎ ይወጣል፣ ከእጥፍ በላይ። ለዓመታት የቆመ ግንብ በአንድ ሌሊት ዝናብ የሚወድቀው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከጀርባው አፈር ሳይሆን ጠጠር ይሞላል፤ ግርጌው ላይ ውሃውን ወደ ጎን የሚያወጣ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይቀበራል፤ በግንቡም ላይ በየ1.5 ሜትሩ ገደማ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ይተዋል። ቀዳዳው ለዓይን አያምርም ብሎ በሲሚንቶ የሚደፍን አለ። የድንጋይ ግንብ ከሆነ የመሠረቱ ውፍረት ብዙውን ጊዜ የቁመቱን ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ለእኛው 2.20 ሜትር ከ1.10 ሜትር ማነስ የለበትም። አርማታ ከሆነ ይቀጥናል፤ ፌሮው ግን በትክክለኛው ጎን፣ አፈሩ ባለበት በኩል መሆን አለበት። ከ1 ሜትር በላይ ለሚወጣ ግንብ የመሐንዲስ ሥዕል ሳይኖር ሥራ መጀመር የለበትም እንላለን።

ይህን ጥበብ ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የኮንሶ ሕዝብ ለ400 ዓመታት ያህል ተራራውን በድንጋይ እርከን ይዞ ኖሯል። አንዳንዱ የእርከን ግንብ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ድንጋዩ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ የተካበ ስለሆነ ውሃው በየቀዳዳው ያልፋል እንጂ ከኋላ አይታቆርም። ሌላም ትምህርት አለው፤ ኮንሶዎች ተራራውን በአንድ ትልቅ ግንብ አልያዙትም፣ በብዙ ትናንሽ ግንቦች ከፋፈሉት። ከላይ ባየነው ስሌት፣ ተራርቀው የቆሙ ሁለት የ1.10 ሜትር ግንቦች ግፊታቸው ተደምሮ የአንዱን 2.20 ሜትር ግንብ ግማሽ ነው። ለጋራዡ ጀርባ ይህ ላይመች ይችላል፤ ከጎንና ከጎኑ ላለው ግቢ ግን ከሁሉ የተሻለ ነው።

ቁፋሮው የራሱ አደጋ አለው። ግንቡ ገና ሳይሠራ ቆሞ የሚታየው የአፈር ግድግዳ ጠንካራ ይመስላል፤ ቀዩ አፈር በተለይ ደረቅ ሲሆን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ውሃ ሲጠጣ ግን ሳያስጠነቅቅ ይናዳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ከ200 በላይ ወገኖቻችን ያለቁበትን የመሬት ናዳ ሁላችንም እናስታውሳለን፤ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ብዙዎች በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ። ያ የተራራ ናዳ ነበር፤ የግቢ ቁፋሮ ከዚያ ጋር በመጠን አይወዳደርም። ውሃ የጠገበ አፈር ያለው ጠባይ ግን ያው ነው፤ አንድን የቀን ሠራተኛ ለመቅበር ደግሞ 2 ሜትር ይበቃል። ስለዚህ ቁፋሮ በደረቁ ወራት ይሠራል። በካምፓላ ዋነኛው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከመስከረም እስከ ኅዳር ስለሚሆን ታኅሣሥና ጥር፣ እንዲሁም ሰኔና ሐምሌ ይሻላሉ። አዲስ አበባ ላይ ሰኔና ሐምሌ የክረምቱ መግቢያ ስለሆነ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ይመረጣል። ኮረብታው በአንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አይቆረጥም፤ ጥቂት ሜትር ተቆፍሮ ግንቡ ይሠራና ወደሚቀጥለው ይታለፋል። የተቆፈረ አፈር ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ አይከመርም፤ ልጆችም በዚያ አይጫወቱም።

አፈሩስ ወዴት ይሄዳል? 4 ሜትር ስፋት ብንቆፍር፣ ከ0 ተነሥቶ 2.20 ሜትር የሚደርስ፣ 11 ሜትር የሚረዝም ሦስት ማዕዘን ነው። ግማሽ ሲባዛ በ11 ሲባዛ በ2.20 ሲባዛ በ4፣ ከ48 ሜትር ኪዩብ ይበልጣል። የተቆፈረ አፈር ስለሚላቀቅ ሩቡን ያህል ይጨምራል፤ 60 ሜትር ኪዩብ እንበል። 5 ሜትር ኪዩብ ለሚጭን መኪና 12 ጉዞ ነው። በዋጋ ስምምነት ላይ ይህ ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ ያልተጻፈውም አፈር ሌሊት ወደ ቁልቁለቱ ይገፋል። ያ አፈር በዝናብ ታጥቦ ቦዮችን ይደፍናል፣ ከዚያም ወደ ናኪቩቦ ቦይና ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይወርዳል። ካምፓላ ስትጥለቀለቅ የምናማርረው ጎርፍ አንዱ ምንጩ ከኮረብታው ላይ የሚገፋው አፈር ነው።

ውሃውና የታች ጎረቤት

አንድ ከባድ ዝናብ በአንድ ሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ሊያወርድ ይችላል። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ይህ 5,000 ሊትር፣ ማለትም 250 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ጣሪያው ከመሠራቱ በፊት ይህ ውሃ ሣሩ ላይ ተበትኖ ይሰርግ ነበር። አሁን አሸንዳው ሰብስቦ በአንድ ቱቦ ያወርደዋል። ኮንክሪት የለበሰው የመኪና መግቢያም የራሱን ይጨምራል። ቱቦው የሚያበቃው አጥሩ ሥር ከሆነ 250ው ጀሪካን የሚፈስሰው በታች ጎረቤት ግንብ ጀርባ ነው። ከላይ ያየነው እጥፍ ግፊት እሱ ላይ ደረሰ ማለት ነው። የጎረቤት ጠብ በአብዛኛው ከዚህ ይጀምራል። ውሃው ወደ ታንከር፣ የተረፈው በተገነባ ቦይ ወደ ሕዝብ ቦይ እንዲሄድ ከመጀመሪያው ሥዕል ላይ መታየት አለበት።

ከመንገድ በታች ላለ ጋራዥ የመንገዱ ውሃም ይጨመራል። መግቢያው ከመንገዱ ጋር በሚገናኝበት ላይ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ጉብታ፣ ከጋራዡ ደጅ ፊት ደግሞ ፍርግርግ የለበሰ ቦይ ከዳር እስከ ዳር ይሠራል። የጋራዡ ወለል ከቦዩ ጥቂት ከፍ ይበል። ፍርግርጉ ተነሥቶ የሚጠረግ ይሁን፤ የማንጎ ቅጠል የወደቀበት ቦይ በአንድ ሳምንት ይደፈናል። ኮንክሪቱም ሳይደርቅ በመጥረጊያ ወይም በእንጨት አግድም መስመር ይሰመርበት፤ ለስላሳ የተለሰነ ዳገት በዝናብ ጊዜ ሳሙና ነው።

ልጆች፣ ጭስና ምጣድ

እኛ በየጠዋቱ በበሩ ላይ የምንቆም ሰዎች ስለሆንን ይህን ክፍል ልንዘለው አንችልም። የመኪናው መግቢያና የልጆች መሄጃ አንድ መሆን የለበትም። ከጎኑ፣ በዝቅተኛ ግንብ ወይም በብረት የተለየ የእግር ደረጃ ይሠራ። አንዱ ደረጃ ከ15 እስከ 17 ሳንቲ ሜትር ከፍታና 30 ሳንቲ ሜትር ያህል መርገጫ ቢኖረው ሕፃንም አያትም ይወጡታል። ወደ ኋላ የሚወጣ መኪና ዳገት ላይ ሰማይን እንጂ ልጅን አያይም። በዚህ አገር መኪና በግራ ስለሚሄድ መጀመሪያ የሚደርስብን ከቀኝ የሚመጣው ቦዳ ቦዳ ነው፤ የበሩ ምሰሶና አጥር በዚያ በኩል ከፍ ብሎ ዓይን እንዳይጋርድ። የጋራዡ በር ወደ ውጭ ወደ ቁልቁለቱ የሚከፈት ከሆነም መሬቱን ይነካና አይከፈትም፤ ተንሸራታች ወይም ተጠቅላይ በር ይሻላል። ውስጡ ለአንድ መኪና ቢያንስ 3 በ6 ሜትር፣ የበሩ ስፋት 2.5 ሜትር ቢሆን በጎን ልጅ ለማውረድ ይበቃል።

ተዳፋት ላይ ጋራዡ ብዙ ጊዜ ከመኝታ ቤት ሥር ይውላል። የመኪና ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ተኝቶ ያለን ሰው ሳያነቃው ይገድላል። ከዚህ የሚብሰው ጄኔሬተር ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን ጋራዥ ውስጥ አስነሥቶ በሩን የሚዘጋ ቤተሰብ አለ፤ ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። የከሰል ምድጃም እንዲሁ። ሌላም አለ፤ የእኛ ሰው ጋራዥን ለድግስ ይወደዋል፣ ምጣዱም ብዙ ጊዜ የሚጣደው እዚያው ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ክፍል ውስጥ ቤንዚን የያዘ ጀሪካን እንዳይቀመጥ። ጋራዡ ምጣድም የሚያስተናግድ ከሆነ ከሥዕሉ ጀምሮ ለምጣዱ የራሱ ክፍልና መስኮት ይሰጠው።

ቁልቁለቱ ከ25 በመቶ ከበለጠ የእኛ ሐሳብ ጋራዥ የሚባለውን ነገር መተው ነው። መንገዱ ጠርዝ ላይ ለአንድ መኪና የሚበቃ ወለል፣ አራት ኮለንና ቆርቆሮ፣ ከዚያ ወደ ቤቱ የሚያደርስ ጥሩ ደረጃ ይበቃል። ዕቃ ተሸክሞ መውረድ ያደክማል፤ አዎን። ነገር ግን በተረፈው ገንዘብ ግንቡና ቦዩ በደንብ ይሠራሉ።

መልመጃ ለዕረፍት ጊዜ

15 በ30 ሜትር የሆነ ቦታ ከመንገዱ በላይ ነው፤ ከመንገዱ እስከ ጀርባ አጥሩ 7.5 ሜትር ይወጣል። የጋራዡ ደጅ ከመንገዱ 5 ሜትር ይርቃል፣ ጥልቀቱ 6 ሜትር ነው፣ ወለሉ ከመንገዱ እኩል ነው። ቁፋሮው 4.5 ሜትር ይሰፋል። የጀርባው ግንብ ቁመት፣ በአንድ ሜትር ርዝመት የሚያርፍበት የደረቅ አፈር ግፊት፣ ተጭኖ የሚሄደው አፈርና የጉዞው ብዛት ስንት ነው? ጋራዡ ወደ መንገዱ 2 ሜትር ቢቀርብ እያንዳንዱ ቁጥር በስንት ይቀንሳል? የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የመጀመሪያውንና የሦስተኛውን ብቻ ይሥሩ። ሁሉም ግን የዝናቡ ውሃ ከጣሪያው ተነሥቶ የት እንደሚደርስ በቀስት የሚያሳይ ሥዕል ያምጡ፤ የታች ጎረቤት ቤት ሥዕሉ ላይ ይኑር።

የውሃ ቱቦው፣ ችካሎቹና ሲባጎው በቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው። ቦታውን ለመለካት መዋስ የሚፈልግ ወላጅ ከሒሳብ መምህሩ ፈርሞ መውሰድ ይችላል፤ ልጁም አብሮ ሄዶ አንዱን ጫፍ ይያዝ።